ቁልቁለት ወርጄ ስኳሬ ለምን ጨመረ?

ባለፈው እትም «ስኳር ያለበት ሰው ይንቀሳቀስ» ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤው በዝቷል። ግማሹ ምስጋና ነው፣ ግማሹ ክርክር። ምስጋናውን ለራሴ አስቀርቼ ክርክሩን ነው ያመጣሁላችሁ። እንደምታውቁት ደብረ ብርሃን ውስጥ በስኳር ክትትል ክፍል ስሠራ የኖርኩ ነርስ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የመድኃኒት መጠን መቀነስና መጨመር ከሐኪማችሁ ጋር የምትጨርሱት ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አንኮበር ነው። ዕድሜዬ 54 ነው። ዓይነት 2 ስኳር አለብኝ፤ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ እውጣለሁ። መራመድ ጥሩ ነው ስላሉ፣ ለቅሶ ልደርስ ወደ አልዩ አምባ በእግሬ ወረድኩ። መኪና ጠፍቶ አይደለም፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። በማግስቱ ጭኔ ተቀጥቅጦ ከመደብ መነሳት አቃተኝ። በባዶ ሆድ 130 አካባቢ የነበረው ስኳሬ 168 ሆነ። በሦስተኛውም ቀን ከ160 አልወረደም። እህቴ «ድሮስ በዚህ ዕድሜ ቁልቁለት!» እያለች ስቃብኛለች። መራመዱ ነው የጎዳኝ?

መልስ፦ እትዬ፣ መጀመሪያ ነፍስ ይማር። ቀጥሎ ለእህትዎ ይንገሩልኝ፤ ጥፋቱ የዕድሜዎም የመራመድም አይደለም። የቁልቁለቱ ነው። እሱም ለጥቂት ቀን ብቻ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። በልተን ወደ ደም የገባው ስኳር ዋናው ማረፊያው ጡንቻ ነው። ጉበትም ይወስዳል፣ አንጎልም ይወስዳል። ኢንሱሊን ገፍቶ ከደም የሚያስወጣው ስኳር ግን ትልቁ ድርሻው የሚሄደው ወደ ጡንቻ ነው። ጡንቻውም የተረፈውን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያስቀምጠዋል። እንደ ጎተራ ያስቡት። ጎተራው እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ አዲስ እህል ቢመጣ ደጅ ነው የሚፈሰው። ሠርተው ሲያጎድሉት ቦታ ይገኛል። በአንድ አዋቂ ሰው ጡንቻ ውስጥ 400 ግራም ገደማ ስኳር በዚህ መልክ ይቀመጣል፤ በጉበት ደግሞ 100 ግራም ገደማ። ይህ ቀላል መጠን አይደለም። አንድ ኪሎ ስኳር ገዝተው ግማሹን በሰውነትዎ ይዘው እንደሚዞሩ ይቁጠሩት።

ስኳር ግን ዘው ብሎ ጡንቻ ውስጥ አይገባም። ተሸካሚ ይፈልጋል። ተሸካሚዎቹ ግሉት 4 ይባላሉ። ጡንቻው ሲያርፍ ሴሉ ውስጥ ተሸሽገው ይቀመጣሉ። ኢንሱሊን ሲጠራቸው ወደ ሴሉ ጠርዝ ይወጡና ስኳሩን ያስገባሉ። ዓይነት 2 ስኳር በአመዛኙ ይህ ጥሪ በደንብ የማይሰማበት በሽታ ነው። ኢንሱሊኑ አለ። ይጠራል። የሚወጡት ተሸካሚዎች ግን ጥቂት ናቸው።

አሁን ደስ ወደሚለው ልምጣ። ጡንቻ ሲሠራ ተሸካሚዎቹን የሚጠራበት ሌላ መንገድ አለው። ይኸኛው ኢንሱሊን አያስፈልገውም። እግርዎ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ይለቀቃል፤ የሴሉ ጉልበትም ይጎድላል። እነዚህ ምልክቶች ራሳቸው ተሸካሚዎቹን ወደ ጠርዝ ያወጧቸዋል። በፈረንጆቹ 1999 የወጣ አንድ ጥናት፣ ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሰዎች ብስክሌት ካስነዳ በኋላ ከጭናቸው ጡንቻ ቅንጣት ወስዶ አይቷል። በሁለቱም ወገን ተሸካሚዎቹ ወጥተው ተገኙ። ስለ ስኳር ከማውቀው ሁሉ ይህን ያህል የሚያጽናናኝ የለም። በሽታው አንዱን መንገድ ሲያበላሽ ሌላውን እምብዛም አልነካውም። ክትትል ክፍል «እኔ እኮ ኢንሱሊኑ አልሠራ ብሎኛል» ብሎ አንገቱን የሚደፋ ሰው ሲመጣ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላም ጥቅሙ ወዲያው አይቆምም። ጡንቻው የጎደለውን እስኪሞላ ድረስ፣ ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ቀን፣ ለኢንሱሊን ከወትሮው የበለጠ ይታዘዛል። ከዚያ ወደነበረበት ይመለሳል። «ከሁለት ቀን በላይ ሳትንቀሳቀሱ አትቆዩ» የምንለው ለዚህ ነው። ቅዳሜ ተራራ ወጥቶ እስከ ዓርብ ሱቅ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው፣ ከሰኞ ማክሰኞ በኋላ ትርፉ በእጁ የለም።

እንግዲህ ወደ ቁልቁለቱ። ሽቅብ ሲወጡ የጭን ጡንቻ እያጠረ ነው የሚሠራው። ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ጉልበትዎ እንዳይከዳ እየተለጠጠ ይይዝዎታል። ያልለመደ ጡንቻ እየተለጠጠ ሲሠራ ቃጫዎቹ በጥቃቅኑ ይጎዳሉ። በማግስቱ ከመደብ መነሳት ያቃተዎ በዚህ ነው። ይህ ጡንቻ እስኪጠገን ድረስ ግሉት 4 ይቀንስበታል፣ የኢንሱሊንንም ጥሪ በደንብ አይሰማም። ስኳር የሌለባቸው ጤነኞች እንኳ ቁልቁል ሮጠው በሁለተኛው ቀን ሲመረመሩ ጡንቻቸው ስኳር መውሰዱ ቀንሶ ተገኝቷል። እርስዎ ጋ 168 ሆኖ የታየው አንዱ ምክንያቱ ይኸው ይመስለኛል።

አንዱ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። የሄዱት ለቅሶ ቤት ነው። ንፍሮውን፣ ስኳር የበዛበትን ሻይ፣ የሌሊቱን እንቅልፍ ማጣት ልቁጠርብዎ? ሐዘን ራሱ ስኳር ያወጣል።

ታዲያ ምን ይሁን? ቁልቁለቱን አይተዉት። ጡንቻ አንዴ እንዲህ ተቀጥቅጦ ካገገመ በኋላ፣ ያንኑ ሥራ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢደግሙት የሚደርስበት ጉዳት በጣም ያንሳል። ለሳምንታት ይታገሳል። ኦስትሪያ ውስጥ በአልፕስ ተራራ ላይ የተደረገ አንድ ጥናት አለ። አንዱ ቡድን ሽቅብ በእግሩ ወጥቶ በገመድ መኪና ይወርዳል፣ ሌላው በገመድ መኪና ወጥቶ ቁልቁል በእግሩ ይወርዳል። ለሁለት ወር ያህል እንዲህ ሲያደርጉ ከርመው ቢመረመሩ፣ ቁልቁል የወረዱትም ሰውነታቸው ስኳርን የሚያስተናግድበት መንገድ ተሻሽሎ ነበር። የስኳር ሕመምተኞች አልነበሩም፤ ጡንቻው ግን ያው ጡንቻ ነው።

እኛ የገመድ መኪና የለንም፣ ሚኒባስ አለን። አንኮበር ደግሞ የትም ቢሄዱ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። ስለዚህ በአጭር ይጀምሩ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ጉብታ ቀስ ብለው ወጥተው ቀስ ብለው ይውረዱ፣ በቃ። በሳምንቱ ትንሽ ያስረዝሙት። አልዩ አምባን ከወር ሁለት ወር በኋላ ያስቡበት፤ መመለሻውን በመኪና ያድርጉት። ጭንዎ በታመመባቸው ቀናትም ተኝተው አይዋሉ። ሜዳ ሜዳውን ዘና ብለው ይራመዱ። ሕመሙ ከሳምንት ካለፈ፣ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። 23 ዓመቴ ነው፣ ዓይነት 1 ነኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ነው የምሠራው። ከሥራ ስወጣ ጂም እገባለሁ። ከመጀመሬ በፊት 150 የነበረው ስኳር ከባድ ብረት አንስቼ ስጨርስ 210 ይላል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደግሞ በላብ ርሼ እየተንቀጠቀጥኩ እነቃለሁ። ለካሁት፣ 58። የመለኪያው ማሽን ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሽንህ ደህና ነው። ሁለቱንም በትክክል ነግሮሃል።

ከባድ ብረት ስታነሳ ሰውነትህ አድሬናሊን ያፈሳል። አድሬናሊን ጉበትን «ስኳር አውጣ» ይለዋል። ጉበቱ የሚያወጣው ጡንቻህ ከሚወስደው ሲበልጥ 210 ታያለህ። ይህ በአብዛኛው በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ራሱ ይወርዳል። አንዳንድ ልጆች ደንግጠው ተጨማሪ ኢንሱሊን ይወጋሉ። የሌሊቱን አደጋ በእጃቸው የሚጠሩት ያኔ ነው። አንተም እንዲህ እያደረግህ ከሆነ አቁም።

ምክንያቱም ሌሊት ሌላ ሥራ አለ። ማታ ያጎደልከውን ጡንቻህ አንተ ተኝተህ ሳለ ይሞላል። ስኳሩን የሚወስደው ከደምህ ነው። ስኳር የሌለበት ሰው ቢሆን ኢንሱሊኑ በራሱ ይቀንስ ነበር። አንተ ግን ማታ የወጋኸው ኢንሱሊን ተመልሶ አይወጣም። ጡንቻው ይወስዳል፣ ኢንሱሊኑም ይገፋል፣ ስኳሩ 58 ይገባል።

ጂም በገባህበት ቀን ሳትለካ አትተኛ። ዝቅ ብሎ ካገኘኸው፣ ወይም እየወረደ ከሆነ፣ በልተህ ተኛ። የማታውን ኢንሱሊን በእነዚያ ቀናት መቀነስ እንደሚያስፈልግ ለሐኪምህ አንሳለት። ይህን ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ወጣት ጥቂት ነው፤ ሐኪሙ ደስ ይለዋል። እግር ልትሠራ ወይ ልትሮጥ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በፊት ጭንህ ላይ አትውጋ። በሚሠራ እግር ውስጥ ደም በፍጥነት ስለሚዘዋወር ኢንሱሊኑ ቶሎ ይገባል። ሆድህ ላይ ውጋ። ብረትና ሩጫ በአንድ ቀን ካለህ ብረቱን አስቀድም። ዓይነት 1 ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲታይ፣ ብረት ያስቀደሙት በሩጫው ሰዓት ስኳራቸው ብዙ አልወረደም።

ስትጀምር ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ብላ። ከ250 በላይ ሆኖ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያጥር ሰውነት ስብ እያቃጠለ የሚያወጣው አሲድ) ካለህ፣ ወይም መለካት ሳትችል ማቅለሽለሽና የሆድ ሕመም ካለህ፣ ያን ቀን ብረቱ ይቅር፤ ወደ ሕክምና ነው የሚኬደው። ኪስህ ውስጥ ስኳር አይጥፋ። ከ70 ሲወርድ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ጠጣ፣ 15 ደቂቃ ጠብቀህ እንደገና ለካ፣ ካልወጣ ድገም። ጂም ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ይህን ይወቅልህ። ሲንቀጠቀጥ የታየ ልጅ «ጠጥቶ ነው» ተብሎ እንደሚታለፍ ታውቃለህ።

የደብረ ብርሃንን ነገር ካነሳን አንድ ልጨምር። በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ሲበረታ ኢንሱሊንህን መስኮት ሥር አታሳድረው። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይረባም፣ ይጣላል። ቆላ ያሉት ከሙቀት ሲሸሹ እኛ ከብርድ እንሸሻለን።

ጥያቄ፦ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። መንዝ ነኝ፣ 70 አልፌያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አርሻለሁ፣ ድንጋይ ፈልጫለሁ። አሁን ልጆቹ ያርሳሉ፣ እኔ ፀሐይ እሞቃለሁ። እግሬ ቀጥኗል። ከበርጩማ ስነሳ በእጄ ካልተደገፍኩ አይሆንልኝም። የምውጠው ግሊቤንክላማይድ ነው። የጤና ጣቢያው ልጅ «አባባ ስፖርት ይሥሩ» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ኳስ ልጫወት ነው? ደግሞስ እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ይህ አይበቃም?

መልስ፦ አባቴ፣ ኳሱ ይቅርብዎ። የጤና ጣቢያው ልጅ ግን ያለው እውነት ነው፤ አባባሉ ነው የከተማ የሆነው።

ማንም ሰው ሲያረጅ ጡንቻው ይቀንሳል። ስኳር ሲጨመርበት ይፈጥናል። አሜሪካ ውስጥ ከ70 እስከ 79 ዓመት የሆናቸውን ሰዎች ለሦስት ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው የእግራቸው ጉልበት ከእኩዮቻቸው ይበልጥ ፈጥኖ ሲወርድ አይቷል። እርስዎ ደግሞ በድንገት ነው ያቆሙት። ዕድሜ ልኩን ያረሰ እግር ሥራ ሲያጣ ቶሎ ይቀጥናል። ጡንቻ ሲያንስ ስኳሩ የሚያርፍበት ቦታም አብሮ ያንሳል። መድኃኒቱ ያው ሆኖ ስኳርዎ እየጨመረ ከመጣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ደግነቱ ጡንቻ በ70ም በ80ም ዓመት ሲሠራ ይጠነክራል። ልምምዱ ከዚያው ከበርጩማው ይጀምራል። ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠ፣ የማይወላገድ በርጩማ ይሁን። ይነሱ፣ ይቀመጡ። መጀመሪያ በእጅዎ እየተደገፉ፣ ሲለምዱት እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው። አቀማመጡን ያዝግሙት፣ ዱብ አይበሉ። ስምንት አሥር ጊዜ አድርገው ይረፉ፣ ይድገሙ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። በሌሎቹ ቀናት በጎቹን ተከትለው ይሂዱ። ትንሿን የውኃ ጀሪካንም ልጆቹ «እኛ እንያዝልዎ» ሲሉ አይስጧቸው። ልጆችዎን አመስግኑልኝ፣ ግን ሲበዛ እየረዱዎ እየጎዱዎ ነው። ሲያነሱ ትንፋሽዎን አያፍኑ።

ስግደቱን በተመለከተ፣ ለእግዚአብሔር የሚደረገውን «ስፖርት ነው» ብዬ አላሳንሰውም። ጡንቻው ግን መጎንበሱንና መነሳቱን ይቆጥረዋል፣ ይጠቀምበታልም። ሁለት ነገር ግን ያስፈራኛል። አንደኛው ዓይንዎ ነው። ስኳር የዓይንን ውስጠኛ ደም ሥሮች ጎድቶ ከሆነ፣ ጭንቅላትን ዘቅዝቆ መነሳትና ከባድ ማንሳት ደም ሊያፈስስ ይችላል። ዓይንዎን በዓመት አንዴ ያስመርምሩ፣ ይልቁንም ከዐቢይ ጾም በፊት።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ግሊቤንክላማይድ ቢበሉም ባይበሉም ኢንሱሊን ያስወጣል። ጠዋት ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ቆይተው፣ በዚያ ላይ በሰሞነ ሕማማት ሲሰግዱ ከዋሉ፣ መድኃኒቱ ስኳሩን ይገፋል፣ ጡንቻውም ይወስደዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወድቀው ወደ እኛ የመጡ አባቶች አይቻለሁ። ሰው «ጾሙ አደከማቸው» ይላል፤ ስኳራቸው 40 ነበር። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስጨንቅም። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፣ ሐኪሙንም ያማክሩ። መድኃኒቱ የሚወሰድበት ሰዓት ወይም ዓይነቱ ራሱ ሊቀየር ይችላል። ያለ ምክር ግን መድኃኒቱን ውጠው ሳይበሉ አይስገዱ። ኪስዎ ውስጥ ቆሎ እንዳለ አውቃለሁ፣ የመንዝ ሰው ያለ ቆሎ አይንቀሳቀስም። ስኳር ሲወርድ ግን ቆሎ ይዘገያል። ከቆሎው ጎን ከረሜላ ወይም በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይያዙ። ቆሎውን ከዚያ በኋላ ይቆርጥሙታል።

ጡንቻ የሚሠራው ከምግብ ስለሆነ በጾም ሽሮው፣ የባቄላውና የምስሩ ወጥ ይወፍር፤ እንጀራው ይሳሳ። በፍስክ እንቁላልና እርጎ አይጥፋ። በረባሶዎን ሲያወልቁ ማታ ማታ የእግርዎን መዳፍ ልጁ ይይልዎ። የደነዘዘ እግር ጠጠር ቢወጋው አይናገርም።

ጥያቄ፦ ሲስተርዬ፣ ሸዋ ሮቢት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። 41 ዓመቴ ነው። ዓይነት 2 ከተባልኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። በሙቀቱ ምክንያት ግማሽ ሰዓት መራመድ አልችልም፣ ራሴን ያዞረኛል። እራት በልቼ አሥር አሥር ደቂቃ ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ማለት ጀምሬ ስኳሬ 118 ገብቷል። አሥር ደቂቃ ይቆጠራል? መድኃኒቱን ማቆምስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ ነው የሚቆጠረው። ኒውዚላንድ ውስጥ በፈረንጆቹ 2016 የወጣ ጥናት፣ ዓይነት 2 ያለባቸውን ሰዎች ከእያንዳንዱ ዋና ምግብ በኋላ 10 ደቂቃ አራመዳቸው። ውጤቱን በቀን አንዴ 30 ደቂቃ ከመራመድ ጋር ሲያወዳድረው፣ ከምግብ በኋላ ያለው ስኳር በአማካይ 12 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከእራት በኋላ ደግሞ 22 በመቶ። እራት በልተን ነው እኮ ተኮፍሰን ቴሌቪዥን የምናየው። አንቺ ሳታውቂው ትክክለኛዋን ሰዓት ይዘሻል፣ ሙቀቱም በረድ ይልልሻል። ቢሮ ውስጥ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ። ፋይሉን በስልክ አታስመጪ፣ ሄደሽ አምጪው። ከቁርስና ከምሳ በኋላም ጥላ ጥላውን አሥር አሥር ደቂቃ ብትጨምሪ በቀን ግማሽ ሰዓት ሞላልሽ። በሳምንት 150 ደቂቃ የሚባለው ልክ እንዲህ ተከፋፍሎም ይሞላል።

መድኃኒቱን ግን በራስሽ አታቁሚ። 118 የመጣው መድኃኒቱም እግርሽም ተደምረው ነው። አዘውትሮ መንቀሳቀስ ብቻውን የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ በ0.6 እና 0.7 ነጥብ አካባቢ ያወርዳል። ለአንዳንዱ ሰው ይህ መድኃኒት ያስቀንሳል፣ ለአንዳንዱ አያስቀንስም። አንቺ ከየትኛው እንደሆንሽ የሚለየው የሦስት ወሩ ምርመራ ነው። የማታ ውጤቶችሽን በደብተር ጽፈሽ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሽ ሂጂ። ራስ ማዞሩንም ለሐኪምሽ ንገሪው። እኔ የሙቀቱ ነው ብዬ ላልፈው አልችልም፣ ግፊትሽ ተቀምጠሽም ቆመሽም ይለካ።